በኤስ እና በኤች ያስቀረኋት እንግዳ

የዚያን ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሲስ የሚባል ሰፈር በነበረችው ቤታችን ውስጥ እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜ ሚኪያስ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ፣ እንግዳችን አስካለ እና እኔ ነበርን። አባቴ ወደብ ሥራ ላይ ነበር። መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆሟል። እናቴ ሙቀቱን ለማብረድ ደጃፉ ላይ ውሃ ረጭታ ስለነበር የረጠበው አሸዋ ሽታ ከባሕሩ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ሁላችንም ላብ በላብ ሆነናል። እኔን ግን ያላበኝ ሙቀቱ አልነበረም።

አስካለ የእናቴ ያገር ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍልን አቋርጣ ወደ የመን ልትሻገር ነበር ጅቡቲ የመጣችው። ደላላው «ጀልባ ሲገኝ እጠራሻለሁ» ስላላት እኛ ቤት ሰነበተች። ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይሆንላትም። ልብስ አጥባ፣ ቤት ጠርጋ ስትጨርስ እኔንና ሚኪያስን ሰብስባ እንግሊዝኛ ታስተምረናለች። እኛ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ ሰፈር ውስጥ ሶማልኛ፣ ቤት አማርኛ ነበር የምንናገረው። እንግሊዝኛ የሚባል ነገር የሰማነው ከእሷ ነው።

የምታስተምረን በጨዋታ ነበር። ሁለት ፊደል ትመርጥና ሁለቱ ጎን ለጎን የሚገኙበትን ቃል በየተራ እንጠራለን፤ ትርጉሙንም በአማርኛ እንናገራለን። ትርጉሙን ያላወቀ ሰው ቃሉ አይቆጠርለትም። ከሁሉም ኤስ እና ኤችን እወድ ነበር። እኛ በአንድ «ሸ» የምንገላገለውን ፈረንጅ ሁለት ፊደል ማሰለፉ ያስቀኝ ነበር። ደግሞም ቃላቱ በየቀኑ የማያቸው ነገሮች ነበሩ፤ ሺፕ መርከብ፣ ፊሽ ዓሣ፣ ሾፕ ሱቅ።

እናቴ በየቀኑ «ልጄ፣ ባሕር ነው እኮ፣ አትሂጂ» ትላታለች። አስካለ ትስቃለች። ደላላው ዓርብ ሲመሽ እንደሚወስዳት በነገራት ቀን ግን እናቴ አለቀሰች። አስካለ ነገሩን በቀልድ ልታልፈው ፈልጋ፣ «እትዬ፣ ይቺ ፈሪ ልጅዎ በኤስ ኤች ካሸነፈችኝ እቀራለሁ!» አለች።

እናቴ እንባዋን ጠርጋ ቡና ሊጠጡ ወደመጡት ወደ ጋሽ ተሰማ ዞር አለች። «ሰምተዋል ጋሼ?»

«ሰምቻለሁ። ዳኛውም እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ተሰማ። በባቡሩ ዘመን መጥተው የቀሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ፊት የተነገረ ነገር ቀልድ ሆኖ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ምግብ አልበላ አለኝ። አስካለን አሸንፌያት አላውቅም። ማዕከላዊ ገበያ፣ እናቴ ሽሮና በርበሬ የምትሸጥበት መደብ አካባቢ የተቆለለውን ካርቶን ሁሉ ኤስ ኤች ፍለጋ አንድ በአንድ አየሁ። ፋርማሲ የምትሠራውን ጎረቤታችንን ፈዱሞን በሶማልኛ ለመንኳት። እንግሊዝኛ የተጻፈበትን ዕቃ እያነሳች አሳየችኝ፤ የምታውቀውንም በምልክት ጭምር አስረዳችኝ።

ዓርብ ጨዋታው ሲጀመር የአስካለ የጉዞ ፌስታል በሩ አጠገብ ተቀምጧል። እሷ ሹ ጫማ፣ እኔ ሸርት ሸሚዝ፣ እሷ ዎሽ ማጠብ፣ እኔ ብረሽ ብሩሽ እያልን ቀጠልን። ቃል እያለቀብን ሲመጣ «ሻምፑ!» አልኩ።

«ኧረ ተይ! ሻምፑማ አማርኛ ነው!» ብላ ጮኸች። «እስቲ ትርጉሙን ተናገሪ?»

«ሻምፑ» አልኳት።

ሚኪያስ በሳቅ ተንከባለለ። ጋሽ ተሰማ ጢማቸውን እያሻሹ «ፀጉር መታጠቢያ ማለቷ ነው፤ ይቆጠርላት» አሉ።

«ጋሼ፣ ያዳላሉ!»

«አዎ፣ አዳላለሁ። ቀጥዪ አንቺ።»

«ሻርፕ፣ ስለታም» አለች በንዴት። ያን ጊዜ ተነስቼ የሚኪያስን የሳል ሽሮፕ አመጣሁና ጠርሙሱን ፊቷ እየነቀነቅሁ «ሼክ! መነቅነቅ! እዚህ ላይ ተጽፏል!» አልኩ። ድምፄ እስከ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም።

አስካለ ጣሪያውን አየች፣ ጣቶቿን አየች። በመጨረሻ «ሼልፍ!» አለች።

«ትርጉሙ?» አሉ ጋሽ ተሰማ።

ግንባሯን መታ መታ አደረገች። «መምህራችን አስጽፎን ነበር… በቃሌም ይዤው ነበር…»

«ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ» አሉ ዳኛው።

እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው። ጎረቤቶች ምን ተፈጠረ ብለው ወጡ። አባቴም ከሥራ ሲገባ «ማንን ዳራችሁ?» አለ። ሼልፍ መደርደሪያ እንደሆነ ያወቅነው ቆይተን ነው፤ ብርጭቆዎቻችን የሚቀመጡበት ሼልፍ ያን ጊዜ ከአስካለ ራስ በላይ ግድግዳው ላይ ተመቶ ነበር።

ሲመሽ የደላላው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን። እናቴ እጄን አጥብቃ ያዘችኝ። አስካለ ብድግ ብላ ወደ በሩ ስትሄድ ፌስታሉን ታነሳለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ፌስታሉ እዚያው ነው፤ ሳታነሳው አልፋ ወጥታለች።

«ወንድሜ፣ አልሄድም። የእትዬ ልጅ በጨዋታ ካሸነፈችኝ እቀራለሁ ብዬ ሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቻለሁ» ስትል ሰማኋት።

«አብደሻል? በሕፃን ልጅ ጨዋታ?»

«ሕፃኗን ስለማታውቃት ነው!»

እናቴ ሁለተኛ እልል አለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተሸክመውኝ አያውቁም፤ አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎኝ ሰፈሩን ዞርን። ያ ጀልባ በሰላም ይግባ አይግባ እስከ ዛሬ አላውቅም። አስካለ ግን ሆዳን በሚባለው ሰፈር አንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሥራ ገባች፤ ሙያውን ለምዳ፣ ወፍራ፣ እየሳቀች በአውቶቡስ ወደ ድሬዳዋ ተመለሰች።

እኔ በትምህርቴ ብዙ አልገፋሁም። የዛሬ ልጆች ቃሉንም ትርጉሙንም ስልካቸው ውስጥ ያገኙታል፤ ልጄ ከእኔ አሥር እጥፍ ታውቃለች። ገና ከበር ስትወጣ ልቤ አብሯት ይወጣል፤ እናቴ አሁን ነው የገባችኝ። በኤስ ኤች ግን ልጄም ብትሆን እስካሁን አላሸነፈችኝም። የምንጫወተውም ስልኩን አስቀምጣ፣ ምንጣፍ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ነው፤ ያኔ እንደነበረው።

ከአስካለ ጋር ስልክ ቁጥር ሲቀያየር ተጠፋፋን። ድሬዳዋ ያላችሁ፣ ወይም ከጅቡቲ የተመለሰች አስካለ የምትባል ልብስ ሰፊ የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እንዴት እንዳለች ንገሩኝ።