ግቢያችንን ያለ ቀሪ ያካፈለው ቁጥር

ሐይቅ ከተማ ያለው የአያቴ ግቢ አራት ሰው ሞቶበት ሳይከፈል ኖረ። መጀመሪያ አያቴ፣ ቀጥሎ አባቴ፣ ከዚያ አንዷ አክስቴ፣ በመጨረሻም ሴት አያቴ። አባቴ ሲሞት ሁለቱ ወንድሞቼ እዚያው ግቢ ቀሩ፤ እኔን ግን እናቴ ውጫሌ ስታገባ ይዛኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ለዒድ ስመጣ የሚያስተናግዱኝ እንደ እንግዳ ነው። ክፉ ሆነው አይደለም። እኔን ግን ያንገበግበኝ ነበር።

ሚራሱ፣ ማለት ውርሱ፣ ይከፈል ሲባል፣ የሒሳብ አስተማሪ ነኝና አጎቶቼ ስሌቱን ለኔ ሰጡኝ። ስልኬ ላይ ደመርኩ፣ አካፈልኩ፤ የኔ ድርሻ ከመቶ ሁለት ነጥብ ሁለት አምስት ምናምን ሆነ። ስግብግብ እንዳልባል ነጥቧን ከነጭራዋ ጣልኳትና «ሁለት» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ይዘን ከታላቅ አጎቴ ጋር ሚራስ ወደሚያካፍሉት ሽማግሌ ሸኽ ሄድን።

ሸኹ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይቺን የጣልሻትን ማን ፈቀደልሽ?»

«ትንሽ ናት ብዬ ነው፣ ሸኽዬ።»

«ትንሽም ብትሆን ሀቅ ናት። አባትሽ ነው ያወረሰሽ። ከወሰድሽ ወዲያ ብትፈልጊ ለጎረቤት ስጪያት። መጀመሪያ ግን ትቆጠር። አብሽሪ፣ ልጄ።»

ደብተር ከፈቱ። እሳቸው ዘንድ ነጥብ የሚባል ነገር የለም፤ ለእያንዳንዱ ወራሽ ሙሉ ቁጥር እስኪደርሰው ድረስ ግቢውን እኩል እኩል በሆነ እጣ ይበትኑታል። ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ እያሉ ቀጠሉ። ለአያቴ ሞት 88 እጣ በቃ። አባቴ ላይ ሲደርሱ 5,280 ሆነ፤ አክስቴ ላይ 68,640፤ ሴት አያቴ ላይ 274,560። ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት ሴትዮ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አሥራ ስምንት ወራሽ ነን። ለሁሉም ሙሉ ሙሉ ደረሰ፤ ከዚያ ቁጥር አንድ እንኳ ቢቀነስ የአንዳችን ድርሻ ይሰበር ነበር። የኔ 6,188 ነው።

«የተረፈ አለ?» አለ አጎቴ።

«ምንም» አሉና ደብተሩን ዘጉ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ አይቼ አላውቅም፤ ቀናሁባቸው ብል አልዋሽም።

በማግስቱ ቁጥሩ ከራሴ አልወጣ ስላለኝ በብቸኛ ቁጥሮች ተነተንኩት። በሁለትና በሦስት ከተካፈለ በኋላ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስትና አምስት ቀሩ። እያንዳንዳቸው የማን እንደሆኑ ፈለግኩ። አሥራ አንዱ ከአያቴ ልጆች የመጣ ነው፤ አራት ወንድ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሴት አንድ አንድ። አሥራ ሦስቱ ከሟች አክስቴ ልጆች ነው፤ አምስት ወንድ፣ ሦስት ሴት። አምስቱስ? ሁለቱ ወንድሞቼ ሁለት ሁለት፣ እኔ አንድ።

እስኪ እኔ ባልወለድ ብዬ ራሴን አውጥቼ እንደ አዲስ ሠራሁት። 54,912 መጣ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት፤ ያው ነው። በአምስት ሳባዛው 274,560።

ለካ ሸኹ እኔን ለመቁጠር በዚያ ግቢ ያለውን እጣ ሁሉ፣ የታላቅ አጎቴን ሳይቀር፣ አምስት አምስት ቦታ ሰንጥቀውታል። ወረቀቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።