አባቴ የናቀው ወንበር

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ አዲሱን ቤቷን እንድናይላት ጠርታን ሄድን። የተቀመጥኩበት ወንበር መጀመሪያ ቀዘቀዘኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የሰውነቴን ሙቀት ወስዶ ለብ አለ። ይህን ጠባዩን አውቀዋለሁ። እንጨት እንዲህ አያደርግም፣ ብረትም አያደርግም። ጎንበስ ብዬ ሳይ የገዛ ቀሚሴንና ከሥሩ ያለውን ምንጣፍ አየሁ። ወንበሩ እንደ ውሃ የጠራ ፕላስቲክ ነው። ጠረጴዛውም እንዲሁ፣ ጥግ ላይ የቆመው መብራትም እንዲሁ። ቤቱን ያስዋበላት ልጅ ነጭ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ እየተንጎራደደ፣ ቪንቴጅ አክሪሊክ እንደሆነ፣ እንደ ልብም እንደማይገኝ ያስረዳናል። አሮጌ የሚለውን ቃል ማውጣት ያሳፍረዋል። ደግሞ ቤቱን «ያስተነፍሰዋል» አለን። ቤቱ መቼ ታፍኖ ነበር ብዬ ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት።

እንዲህ ሰው ስንቅ አባቴን እመስላለሁ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። አባቴ ሲሞት ያወረሰን መሣሪያዎቹንና ንቀቱን ነው፤ መሣሪያዎቹን ወንድሜ ወሰደ።

አባቴ አናጢ ነበር። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ትንሽ ገባ ብሎ፣ በግቢያችን ውስጥ በቆርቆሮ የከለላት መሥሪያ ነበረችው። ገና ከአጥሩ በር ሰጋቱራና ኮላ ይሸታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳዎች ገብታ፣ አየሩ ላይ የሚንሳፈፈውን ብናኝ ቀጭን ቀጭን ዘንግ አስመስላ ታቆመዋለች። ከውጭ የወያላዎች ጩኸት፣ ከውስጥ የመላጊያው ፉጨት ይሰማል። ዋንዛ ሲልግ ፊቱ ይፈታ ነበር። ከዋንዛ፣ ከጽድና ከወይራ ውጭ ያለውን ሁሉ ግን መናቅ ነው። ቺፑድን «የተጨመቀ ሰጋቱራ» ይለዋል። ከውጭ የሚመጣውን ሶፋ «ስፖንጅ የለበሰ ሳጥን» ይለዋል። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ እንኳ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን ገልብጦ ሆዱን ያያል፤ አይቶም ከንፈሩን ይመጥጣል። እናቴ በዚህ የተነሳ አብራው ሰው ቤት መሄድ ትታ ነበር።

ይህን እያየሁ ነው ያደግኩት፤ መናቅ ከማወቅ የሚመጣ መስሎኝ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ እንግሊዝኛ የምታስተምረን ሴት ነበረች። ሁላችንም ቲቸር ነበር የምንላት። ሳንሱሲ ብቻዋን ትኖራለች፣ አንድ ግራጫ ሹራብ አላት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ከመጽሐፉ ጮክ ተብሎ የሚነበብ ሲኖር የምትጠራው እኔን ስለነበር፣ እወዳታለሁ ብቻ ብል ያንስብኛል። አባቴ አናጢ መሆኑን የነገርኳትም እኔ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ በራችን ላይ ቆመች።

አንሶላውን ስትፈታው ወንበር ሆነ። እንዲያ ያለ ወንበር አይቼ አላውቅም ነበር። በውስጡ የአባቴ የሥራ ጠረጴዛ፣ የተደረደረው ጣውላ፣ የቲቸር ጫማ ሳይቀር ይታያል። አንዱ እግሩ ብሎኑ ላልቶ ይወዛወዛል። አባቴ እርሳሱን ከጆሮው ሳያወርድ ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ አልጋ ሊያዝዝ የመጣ ደንበኛ አጠገቡ ቆሞ ሳለ፣

«አንቺ፣ ይኼ ወንበሩ ነው ወይስ ማሸጊያው?» አላት።

ደንበኛው ሳቀ። ቲቸር አልተቆጣችም። ጠረጴዛውና መብራቱ፣ አንድ ሌላ ወንበርም ጭምር፣ ሁሉም ከዚሁ ዓይነት ዕቃ የተሠሩ መሆናቸውን ነገረችው። ቤቷ አንዲት ክፍል ናት፤ ሌላ ዕቃ ስታስገባባት መላወሻ ያሳጣታል፣ እነዚህ ግን ቦታ የያዙ አይመስሉም። እንግዳ ሲመጣ ሁለት ሰው ተቀምጦ እንዲጫወት ይህኛው እንዲጠገንላት ነው የፈለገችው። አባቴ ለሐሙስ ነይ እንኳ ሳይል፣ ይሁን በሚል ዓይነት እጁን አወናጨፈ።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ሻይ ይዤለት ገባሁ። ወንበሩን እንደ ሥራ እንኳ አልቆጠረውም። ቆሞ፣ ከዚያው ከአልጋው ባለቤት ጋር እያወራ፣ ዋንዛ የሚበሳበትን ትራፓኖ እንዳለ አነሳና ለሌላ ብሎን ቀዳዳ ሊያወጣ መቀመጫው ላይ ተጫነው። የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ብርጭቆ የሚያወጣውን ዓይነት ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ከቀዳዳው ተነስቶ እስከ መደገፊያው ድረስ አንድ ነጭ መስመር ሄደ።

አባቴ የሰው ዕቃ አበላሽቶ አያውቅም ነበር። ሰውየው እስኪወጣ መቀመጫውን በመዳፉ ሸፍኖ ቆየ። ከዚያ ቀና ሲል እኔን አየኝ።

«ሲመጣም ስንጥቅ ነበረው አለ በያት» አለኝና ሻዩን ተቀበለኝ።

በማግስቱ ክፍላችን በር ላይ ሴት ተማሪዎቹ ቲቸርን ከበዋት ሳሉ ነገርኳት። ብቻዋን እስክትሆን መጠበቅ እችል ነበር፤ አልጠበቅኩም። ውሸቱ ስላስፈራኝ ይሁን እንጃ፣ የአባቴን ድምፅ ተዋስኩ። ሲመጣም ስንጥቅ ነበረው ካልኩ በኋላ ማንም ያላዘዘኝን ጨመርኩበት፤ «ፕላስቲክ አይደል እንዴ፣ ምን ይጠበቃል» ብዬ ሳቅኩ። ልጆቹም ሳቁ። ቲቸር ለአፍታ አየችኝ፣ አባቴ እንዲህ ማለቱን ጠየቀችኝ፣ አዎ አልኳት። «እሺ፣ ግቢና ተቀመጪ» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚነበብ ሲኖር ሌላ ልጅ ትጠራ ጀመር። አልተቆጣችኝም፣ ማርክ አልቀነሰችብኝም። ዝም ብላ ሌላ ልጅ ትጠራለች። ወንበሩንም ሰው ልካ ሳታስወስደው ቀረች።

ወንበሩ መሥሪያው ጥግ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ ቆመ። አባቴ ደንበኛ ሲመጣ ከረጢቱን ገለጥ አድርጎ ማሳየት ለመደ። የዛሬ ሰው ምን ላይ እንደሚቀመጥ እዩልኝ ይላል፣ ገና ሲያዩት የሚሰነጠቅ ዕቃ ይላል። ይስቃሉ። አንድ ቀን ይህንኑ ለሁለት ሰዎች ሲናገር እኔ የእናቴን መልእክት ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም።

«አንተ ነህ የሰበርከው» አልኩት።

በእኛ ቤት ለአባት እንዲህ አይባልም፣ ያውም ሰው ፊት። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ከረጢቱን መልሶ ሲያለብሰው አየሁት። ሰዎቹን ስለ ሌላ ነገር ጠየቃቸው። እኔን ለሦስት ቀን አላናገረኝም።

በአራተኛው ቀን ከአንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሠሪ ዘንድ የተረፈ አክሪሊክ ቁርጥራጭ በፌስታል ይዞ መጣ። ሥራውን ሲጨርስ ቁጭ ብሎ እየበሳ ይሰብራል፣ ይበሳል፣ ይሰብራል። ሲናደድ በአገሩ ቋንቋ በጉራጊኛ ያጉተመትማል። ቀስ በቀስም፣ የተሳለ መብሻ እንደሚቧጥጠው፣ ፍጥነት ሲበዛ እንደሚግልና እንደሚጣበቅ፣ ከሥሩ ጣውላ ካላገኘ እንደሚፈነጥቅ ደረሰበት። በአልኮል ሲወለውለው ገጹ ጭጋግ ለበሰ፤ አንድ ሙሉ ቁራጭ እንዲያ አጠፋ። የእህቴን ልጅ ቤት ያስዋበው ልጅ እሁድ ዕለት ይህንኑ እንደ ትልቅ ምስጢር ሲነግራት፣ በአልኮል እንዳትነኪው እያለ ሲያስጠነቅቃት፣ ሻዬ ትን ሊለኝ ነበር።

ከዚያ አባቴ ወደ ወንበሩ ሄደ። ስንጥቁ እንዳይቀጥል ጫፉ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አወጣ፣ ሰሌዳ ሠሪዎቹ የሚጠቀሙበትን እንደ ውሃ የቀጠነ ማጣበቂያ በመርፌ አጠጣው። መሥሪያዋ ጣፋጭ ጣፋጭ ሸተተች፤ ራስ ያዞራል። እግሩን አዲስ ብሎን ሰጠው። በመጨረሻ በጥርስ ሳሙናና በጨርቅ ሲፈትገው አመሸ። እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ግን ቀረች። እንጨት ቢሆን ስቱኮ ሞልቶ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ ማንም አያውቅበትም ነበር። መስመሯን በጥፍሩ እየዳሰሰ ብዙ ቆየ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የክት ልብሱን እንደለበሰ ተነሺ አለኝ። ወንበሩን እናቴ አጥባ በተኮሰችው በራሷ በቲቸር አንሶላ ጠቅልሎታል። ታክሲ ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀመጠው፤ ወያላው ከኋላ እጫነዋለሁ ቢለው እሺ አላለም። ሳንሱሲ ደርሰን የሰፈሩን ልጆች ጠይቀን ቤቷን አገኘን።

በሩን ስትከፍት እኔ ከአባቴ ጀርባ ነበርኩ። ግቡ አለች። ሁለተኛው ወንበር መስኮቱ ሥር ነበር፣ ጠረጴዛው ከጎኑ፣ መብራቱ ጠረጴዛው ላይ። የመስኮቱ ብርሃን በመብራቱ እግር ውስጥ አልፎ ሲሚንቶው ወለል ላይ ቀጭን ደማቅ መስመሮች ጥሏል። አንድ አልጋ፣ አንድ መደርደሪያ መጽሐፍ አለ፣ ሌላ የለም። ክፍሏ የእኛን ኩሽና ብታክል ነው፤ ግን ሰፊ ትመስል ነበር። አባቴ ከበሩ ሳያልፍ ዙሪያውን አየ። ምንም ነገር ገልብጦ አላየም።

ቆሞ፣ ኮፍያውን ይዞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ እያለ ተናገራት።

«ሲመጣም ስንጥቅ ነበረው ብላ የነገረችዎት ልጄ ከራሷ አይደለም፣ እኔ አስዋሽቻት ነው። የሰበርኩትም እኔ ነኝ።»

ቲቸር አውቄ ነበር አለችው። ከቤት ስታወጣው ጠርጋ ወልውላ ስለነበር እያንዳንዷን ጭረት ታውቃታለች። ከዚያ እሱን ትታ እኔን አየችኝ።

«ዕቃ ይሰበራል» አለች። «እኔን የከፋኝ የሷ ሳቅ ነው።»

አባቴ ዞሮ አየኝ። ውሸቱን ሊሸከምልኝ ነበር የመጣው፤ ስለ ሳቁ አያውቅም። ሳቁ የብቻዬ ነበር። ከአባቴ ጀርባ ወጥቼ ይቅርታ ቲቸር አልኳት። እሷም እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

ቆየት ብላ ስለ ዕቃዎቹ ነገረችን። እናቷ ብዙ ዓመት የፈረንጅ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ፈረንጆቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እነዚህን ሰጧት። እናቷ ለእኛ ቤት አይሆኑም ብላ በጨርቅ ጠቅልላ አልጋ ሥር አስቀመጠቻቸው፤ አንድ ቀን እንኳ ሳትቀመጥባቸው ሞተች። እኔና አባቴ ቲቸርን የሀብታም ቤት ቅምጥል አድርገን ቆጥረናት ነበር። እሱ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ።

ወደ ውስጥ ገባና አንሶላውን ፈትቶ ወንበሩን ከሌላው ወንበር ትይዩ አስቀመጠው። ከዚያ፣ ያን ሁሉ ግዙፍ ሰውነቱን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠበት። ምንም ነገር ላይ ያልተቀመጠ ይመስላል። ትንፋሹን ይዞ ነበር። ወንበሩ አልተንቀሳቀሰም።

«ሰው ይሸከማል» አላት።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። መንገዱን ስናጋምስ «አሁንም ወንበር ነው አልልም» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሳ፣

«ነገ ክፍል ስትገቢ ቀና ብለሽ ግቢ» አለኝ።

አባቴ መንገድ ላይ ሁልጊዜ ቀድሞኝ ነበር የሚሄደው። ረጅም እርምጃ ነበረው፤ እኔ ግማሹን እየሮጥኩ ነው የምከተለው፣ ዞር ብሎም አያይም። ያን ቀን ከማዞሪያው ወርደን እስከ ቤታችን ድረስ እርምጃውን አሳጥሮ ከጎኔ ሄደ። ደግመን እንዲያ ጎን ለጎን የሄድነው ከብዙ ዓመት በኋላ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። ክንዱን ይዤዋለሁ፤ እርምጃ የማሳጥረው እኔ ነበርኩ።