ሳትስቅ አልከፍትም

በጦርነቱ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ግንባር ነበር፤ ደብዳቤ ከላከ ሰነባብቷል። እኔ ወገዳ ከተማ አስተምራለሁ፣ እናቴም እኔው ዘንድ ነበረች። እሷ ፍርሃቷን በጸሎት ትችለዋለች፤ እኔ የጋዜጣ የቃላት ጨዋታ ስሞላ እውላለሁ፣ አግድምና ቁልቁል። ጀግንነቴ ይኸው ነው።

ጋዜጣው በሳምንት አንዴ በአውቶቡስ ይመጣል። የምንሞላው ለሦስት ነው፦ እኔ፣ የቅኔ መምህሩ የኔታ፣ በድሮው ጦር የሬዲዮ ሠራተኛ የነበረው ጡረተኛ ጎረቤቴ። የዚያ ሳምንቱ ጨዋታ የሬዲዮ መገናኛ ቋንቋ ሆነና ጡረተኛው ደረቱን ነፋ። «ሮጀር»ን ሞላ፣ «ኦቨር»ን ሞላ። አንዷ ላይ ተቀረቀረ፤ «ሳትዘጋ ጆሮህን ሰጥተህ ጠብቅ»፣ ስድስት ፊደል።

«ይቺን ሳላውቅ ነው ያን ሁሉ ዘመን ሬዲዮ ያዘልኩት?» ብሎ ተናዶ ሄደ። ሽልማት ስላለው መልሱን በማግስቱ ማለዳ በሚወጣው አውቶቡስ ልንልክ ነበር።

ወፍ ሲንጫጫ በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳ ባይ የኔታና ጡረተኛው ናቸው፤ ጭጭ ብለዋል። የኔታ ኩታቸውን አዘቅዝቀዋል።

እኛ አገር መርዶ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ ሳይነጋ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ከፊት፣ ኩታ ተዘቅዝቆ። ሱሪዬን የኋላውን ወደፊት አድርጌ ለብሼ ከፈትኩ።

«እንዴት አደርክ?» አሉ የኔታ በሹክሹክታ።

«እግዜር ይመስገን። ምነው፣ በደኅና?»

«ቁጭ በል» አለኝ ጡረተኛው። መርዶ ነጋሪም የሚለው ይህንኑ ነው።

«ቆሜ ልስማው» አልኩ፤ ድምፄ የፍየል ሆኗል።

«ቆመህ እንዴት ትጽፋለህ? ያቺ ቃል ስታንድባይ ናት! አሁን ትዝ አለኝ፤ ቶሎ በል፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው!»

ምን ዋጋ አለው፣ እናቴ ከኋላዬ ኩታውን አይታለች። «ልጄን!» ብላ ጮኸች። መንደሩ ደረቱን እየመታ ግልብጥ ብሎ መጣ። የኔታ «ኧረ ጋዜጣ ነው! ጋዜጣ ነው!» ይላሉ፤ አልቃሽ ማን ይመልሰው? አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፍቶ ሄደ።

እናቴ ነገሩ ሲገባት የኔታን እንኳ አልማረችም።

«እርስዎስ ኩታውን ምን አዘቀዘቀዎ?»

«ይህ ሰው በጨለማ አጣድፎኝ ነው የደረብኩት፣ እሜቴ።»

«እንግዲያውስ ከዛሬ ጀምሮ በማለዳ እዚህ ደጅ የሚመጣ፣ ከአጥሩ ጀምሮ እየሳቀ ይምጣ!»

አዋጁ ጸና። የኔታ በማለዳ ብቻቸውን እየሳቁ ሲመጡ ያየ መንገደኛ ያማትባል። እኔ ግን ሳቁን እስክሰማ ነፍሴ አትመለስም፤ የተንኮሻኮሸ ሁሉ መርዶ ይመስለኛል።

አንድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ሳቅ የለም።

«ሳቅ!» አልኩ ከውስጥ መወርወሪያውን ጨብጬ።

«ምን?»

«ሳቅ እልሃለሁ! ሳትስቅ አልከፍትም!»

«አሞሃል እንዴ? ሌሊቱን በእግሬ ስኳትን አድሬ ምኑን ነው የምስቀው? ክፈት፣ በረደኝ!»

ወንድሜ ነበር። እኔ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ፤ መወርወሪያውን ከእጄ ነጥቃ የሳበችው እናቴ ናት።