በአመድ የተሠመረው ኮከብ

በደርግ ዘመን ጂንካ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር፣ የግዙፍ ከዋክብትን መጠን በቃል ብቻ ማስረዳት አልሆነልኝም። ስለዚህ ፀሐይን በአንዲት የበቆሎ ፍሬ መሰልኋት። በዚያ ልክ ራይጀል የተባለው ነጭ ኮከብ አንድ ሰፌድ ያህላል፤ ቀዩ ቤቴልጁስ ግን ክፍላችንን ሞልቶ ይተርፋል። ቦታ ስላልበቃን ከተማው መካከል ወዳለው የአውሮፕላን ሜዳ ወጣንና የቀዩን ኮከብ ክብ በችካልና በገመድ ለክተን በአመድ አሠመርነው። አመዱን ከአባቷ ምድጃ በጆንያ ተሸክማ ያመጣችው አንዲት የቀጥቃጭ ልጅ፣ ተማሪዬ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት፣ አውሮፕላን ከማረፉ በፊት ከብት የሚያባርረው ዘበኛ ክቡን አየ። ጆንያው ቀዳዳ ስለነበረው አመዱ በመንገዱ ሁሉ ፈስሷል፤ ዘበኛው ያንን ተከትሎ ልጅቷን ከቤቷ ወሰዳት።

ወሬው እንደ ደረሰኝ ወደ ቀበሌው ሄጄ ሐሳቡ የእኔ መሆኑን ተናገርሁ። ሊቀ መንበሩ በትሕትና አዳመጡኝ። ሆኖም ክቡ ለጠላት አውሮፕላን የተሰጠ ምልክት አለመሆኑ ካልተረጋገጠ፣ ልጅቷ በሚቀጥለው በረራ ወደ አርባ ምንጭ እንደምትላክ አስታወቁኝ። እንዲያ ተልኮ የተመለሰ ሰው አላውቅም ነበር። ኮከቦቹን በዓይናቸው እንዲያዩ ለመንኋቸው፤ አመሻሹ ላይ ሊመጡ ተስማሙ።

እኔና ልጅቷን የያዘው ዘበኛ ሜዳው ላይ ጠበቅናቸው። የቀጥቃጭ ልጅ ደግሞ ኮከብ ቆጣሪ ሆነች እያለ ያሾፍባት ነበር። ሊቀ መንበሩ ሲመጡ ሁለቱን ኮከቦች አሳየኋቸው፤ ላብራራ ስጀምር ግን በእጃቸው አስቆሙኝና ወደ እርሷ ዞሩ።

«አንቺ ንገሪኝ። የትኛው ነው ትልቁ?»

«ቀዩ ነው፣ ጋሼ።»

«የሚደምቀውስ ነጩ አይደለም እንዴ? ትልቅ እንዴት በትንሽ ይበለጣል?»

ቀና ብላ ሁለቱን ኮከቦች እያፈራረቀች አየች። መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ብናገር ግን ያስጠናኋት እንደሚመስል ስለገባኝ ምላሴን ነከስሁ።

«አባቴ ብረት ሲያግል መጀመሪያ ይቀላል» አለች በመጨረሻ። «ወናፉ ሲበረታ ይነጣል። የነጣ ወስፌ ከቀላ ማረሻ ይልቅ ዓይን ይወጋል።»

ሊቀ መንበሩ ሰማዩን ደግመው አዩ። ክቡ በማለዳ ተጠርጎ እንዲጠፋ አዝዘው ልጅቷን ለቀቋት።

ጠርገን አጠፋነው። እርሷም ወደ ክፍል ተመለሰች፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ጥያቄ ለመመለስ እጇን አላነሳችም፣ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። መጋቢት ላይ ዝናቡ ሲጥል፣ አመዱ ባረፈበት ሣሩ ጠቁሮና ወፍሮ በቀለ፤ ክቡ ከበፊቱ ይበልጥ ጎላ። ክቡ ዳግም ቢያስጠይቅ ተጠያቂው እኔ እንድሆን፣ አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ሁሉ እዚያ ሄጄ እቆም ነበር። ዘበኛውም አይቶታል። ለማንም ሳይናገር፣ ያን ሰሞን ከብቶቹን ማባረር ትቶ የክቡን ሣር እስኪግጡት ድረስ ዝም አላቸው።