«የቱ ይሻላል» እና የአማቱ ድምፅ

በሰፈሩ እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው የለም። «የቱ ይሻላል» ነው የሚሉት፤ ፊት ለፊቱም ጭምር። መነጽር ሰሪ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጨለምለም ያለች ክፍል ሰው አስቀምጦ፣ ያን ከባድ የመመርመሪያ መነጽር አፍንጫው ላይ ጭኖ፣ አንዱን ሌንስ እያወጣ ሌላውን እያስገባ «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄኛው?» ሲል ኖሯል። ደንበኛው ይመርጣል፣ እሱ ይጽፋል፣ ደንበኛው አጥርቶ እያየ ይሄዳል። በሙያው የሚያማው የለም። ችግሩ ራሱ መራጭ የሆነ ዕለት ነው። ያ ዕለት አሥራ አራት ወር ፈጀ።

ነገሩ የጀመረው ከሚስቱ ነው። ሚስትየው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ የገበያ ዝርዝር እንኳ በሦስት ኮፒ ካልሆነ እጇ አይታዘዝላትም። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ደብዳቤ መጻፍ እንደ ሬት የሚመራቸው፣ ወሬ ግን የማይጠግቡ ሰው። ስለዚህ ስለ ጎማው፣ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ረዳታቸው ኩርፊያ ካሴት ላይ እያወሩ ወደ ቤት ይልኩ ነበር። ከሞቱ በኋላ ልጅቱ ካሴቶቹን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጣ በአንድ ሃርድ ዲስክ አስቀመጠች። ዲስኩ አርጅቶ ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር ለባሏ ሰጠችው። የአባቴ ድምፅ ነው፣ ደህና ቦታ አኑርልኝ አለችው።

ሌላ ሰው ቢሆን አዲስ ዲስክ ገዝቶ፣ ገልብጦ፣ እራቱን በልቶ ይተኛ ነበር። የእኛ ሰው ሰርቨር ሠራ። የጫማ መደርደሪያውን ከኮሪደሩ አስነስቶ በቦታው ጥቁር ሳጥን ተከለ፤ አራት ዲስክ፣ ሦስት ማራገቢያ፣ እንደ ተነካ የንብ ቀፎ የሚጮህ። ጫማዎቹ እስከ ዛሬ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተሰልፈው ወረፋ ይጠብቃሉ። ሳጥኑ ፋይል ማስቀመጡ ብቻ አልበቃ ብሎ፣ በሆዱ ሌሎች ኮምፒውተሮችን ያሳድራል ተባለ፤ የሌሉ፣ ግን እንዳሉ ሆነው የሚሠሩ ኮምፒውተሮች። ሚስቱ ለምን እንደሚያስፈልጉት ብትጠይቀው፣ ቢያስፈልጉስ ብሎ መለሰላት።

ሳጥኑ ነፍስ እንዲዘራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባል አዛዥ ፕሮግራም ያሻዋል፤ እዚህ ላይ የሃያ ሁለት ዓመቱ ሙያ እንደ በሽታ ተነሳበት። አንደኛው ሲስተም ለማከማቻ የተሠራ ነው፤ ዲስክ ሲጠብቅ ቁጡ አክስት ነው፣ ሜሞሪ ሲበላ ግን አይጠግብም። ሁለተኛው እነዚያን የሌሉ ኮምፒውተሮች እንደ ደግ አከራይ ያኖራል፤ ስለ ፋይል ጉዳይ ግን ራስህን ቻል ባይ ነው። ሦስተኛው ትልቅና ትንሽ ዲስክ ሳይመርጥ ያቀላቅላል፤ ክፈል ይላል እንጂ። አራተኛው ባዶ ሊኑክስ ነው፤ ሁሉን ነገር ይሠራል፣ ሁሉን ነገር አንተ ከሠራህለት።

ሰውዬው ሁለት ሁለት እያደረገ አወዳደራቸው። አንዱን ይጭንና ሳምንት ይኖርበታል፣ ይነቅለዋል፤ ሌላውን ይጭናል፣ የፊተኛው ይናፍቀዋል፣ ይመልሰዋል። ኢንተርኔት ላይ አማካሪ አጥቶ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ ሲስተም የሚሞትለት ጭፍራ አለው፤ የሌላውን ተጠቃሚ እንደ ከሃዲ የሚያይ። ዘጠኝ ዓመት አንድ ፋይል ጠፍቶብኝ አያውቅም እያለ የሚፎክር አንድ ሊቅ ነበር፤ ሲጣራ ያስቀመጠው ፋይል የለውም። የእኛ ሰው የዚህን ሊቅ ቃል በማስታወሻ ደብተር ይገለብጥ ነበር። የአማቱን ድምፅ ግን ወደ ሳጥኑ የገለበጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ሲስተም ለመጨረሻ ጊዜ በጫነ ሰሞን።

ከዚያ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ከሩቅ አገር ሊመጣ እንደሆነ ተሰማ። አሥራ አንድ ዓመት የአባቱን ድምፅ አልሰማም። እሁድ ምሳ በልተን አብረን እንሰማዋለን ተባለ። የቱ ይሻላል ሁለት ሳምንት ቀረኝ ብሎ ደነገጠ፤ ደንግጦም ሦስተኛውን ሲስተም እንደገና ሊሞክር ሁለተኛውን ነቀለው። ለሙከራው አንድ ትርፍ ዲስክ አስፈለገው። የሚስቱ አሮጌ ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ድምፁማ ሳጥኑ ውስጥ አለ ብሎ አሰበ፤ ሁለተኛውን ሲነቅል ሳጥኑን ራሱ ማጽዳቱን ረስቶ። ዲስኩን ሲሰካ ማሽኑ በትልቁ ጻፈለት፦ በዚህ ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ እርግጠኛ ነህ? አዎ ወይስ አይ?

በአሥራ አራት ወር ውስጥ ሁለት ምርጫ ቀርቦለት ሳያመነታ የመለሰው ይህን ብቻ ነው።

እሁድ ምሳው ተበላ። ወንድምየው ወንበሩን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋ፣ ስልኩን አጠፋ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። የቱ ይሻላል ግን ቆሞ ስለ ዲስክ አያያዝ ንግግር ከፈተ። ሚስቱ አቋረጠችው።

«ጠፋ በለኛ።»

«ጠፋ» አለ። ድምፁ ከማራገቢያዎቹ በታች ነበር። «ከሳጥኑም፣ ከዲስኩም። እኔው ነኝ ያጠፋሁት።»

ወንድምየው ቀና ብሎ አየው። እሷ ቦርሳዋን ከፍታ ከቁልፎቿ ጋር የታሰረች ትንሽ ፍላሽ አወጣች።

«ዲስኩን የሰጠሁህ ዕለት ነው ቢሮ ሦስት ኮፒ ያደረግሁት» አለች። «አንዱ እዚህ፣ አንዱ መሥሪያ ቤት፣ አንዱ እናቴ ጋ።»

«ታዲያ ለምን ሰጠሽኝ?»

«ማስቀመጥ ትችል እንደሆነ ልይ ብዬ።»

የራሷን ላፕቶፕ ከፍታ አጫወተችው። የሞተር ድምፅ መጣ፣ ሳል መጣ፣ ቀጥሎም አባትየው። ወንድምየው ዓይኑን ጨፈነ። ስለ አንድ ድልድይ ብዙ አወሩ፤ ከዚያ ድንገት ወሬ ቀየሩ።

«ያን ያመጣሽውን ልጅ አየሁት፣ የኔ ልጅ። ጨዋ ነው፣ አልጠላሁትም። ግን ሁለት ወንበር ባሳየው የቱ ላይ ልቀመጥ ሲል ሻዩ በረደ። የሠርጉን ቀን አንቺው ቁረጪ፤ ለእሱ ከተውሽው እኔ አልደርስበትም።»

ወንድምየው ዓይኑን እንደጨፈነ ሳቀ፤ ሳቁ እንባ እስኪሆን። እሷም ሳቀች፤ ቀኑን የቆረጠችው እሷ ነበረች። የቱ ይሻላል ጆሮው ቀልቶ ኮሪደሩ ውስጥ ወደሚጮኸው ሳጥን አየ፤ በሆዱ ሦስት የሌሉ ኮምፒውተሮች ያለ ሥራ ተቀምጠዋል።

ድምፁ ሲያልቅ ሚስቱ ፍላሿን ነቅላ ሰጠችው። ወንድሟም የእሱን ላፕቶፕ ከሻንጣው አውጥቶ ፊቱ አስቀመጠለት።

«በል፣ ለጋሼ አንተው ገልብጥለት» አለችው። ሌላ ዕድል ልትሰጠው ነው፤ ደግ ሴት ናት።

ተቀብሎ ጎንበስ አለ። በላፕቶፑ ጎን ፍላሽ የሚቀበል ሁለት መሰኪያ ነበር፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ጥቁር። ፍላሿን ወደ ሰማያዊው አስጠጋ፣ መለሰ፤ ወደ ጥቁሩ አስጠጋ፣ ቆመ።

ወንድምየው ፍላሿን ከጣቶቹ መሃል ቀስ ብሎ ወሰደና ሰካት። የትኛው ላይ እንደሰካት ልብ እንኳ አላለም።