ስክሪኑ የጠፋብን የአንኮበር መንገድ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፤ አዲስ አበባ

ገና ሳይነጋ ወጣን። ካፊያ አለ። እኔ መሪው ላይ ነኝ፤ ታላቅ እህቴ እትዬ ጥሩነሽ ከጎኔ ተቀምጣ የእናታችንን የሐኪም ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ ይዛለች። እናታችን አንኮበር ናት። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸዋል፤ ሰኞ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ቀዶ ሕክምና ተቀጥሮላታል። ሐኪሞቹ ከሌላ ቦታ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚመጡ ናቸው፤ ሰኞ ካመለጠ ቀጣዩ መቼ እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። በዚያ ላይ በዚህ ክረምት የሳንባ ምች ይዟት ከአልጋ የተነሳችው በቅርቡ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ብርድ እንዳይመታት በእኔ መኪና እንድናመጣት ተስማማን።

መኪናዋ የኤሌክትሪክ ናት፤ ከገዛኋት አራት ወር ሆኗታል። ለቻይና ገበያ የተሠራች ስለሆነች መሀል ላይ ያለው ትልቁ ስክሪን ከላይ እስከ ታች ቻይንኛ ነው። አራት ወር ሙሉ ማሞቂያውንም ሬዲዮውንም በሥዕላቸው እየገመትኩ ስነካካ ቆየሁ። ሐሙስ ዕለት በቴሌግራም ያገኘሁት ሰው መሥሪያ ቤቴ ደጃፍ ድረስ መጥቶ በፍላሽ አፕ ጫነልኝ፦ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ፣ የመዝሙር ማጫወቻ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የስክሪኑን ፊት ወደ አማርኛ የሚቀይር አፕ። "ማሞቂያ" የሚለውን ቃል ስክሪኑ ላይ በማየቴ ተደስቼ ማታ ልጆቼን ከቤት ጠርቼ አሳየኋቸው። አፑ የፋብሪካው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከየት እንደመጣ ግን አልጠየቅሁም።

ሸኖ፣ 1 ሰዓት ከሩብ

ሰንዳፋን፣ አለልቱን አልፈናል። መንገዱ ሰላም መሆኑን እትዬ ትናንት ሦስት ሰው ጋ ደውላ አጣርታለች፤ እንዲያም ሆኖ ኬላ በደረስን ቁጥር ነጠላዋን ታስተካክላለች። ሸኖ ላይ ቅቤ ሻጮች ላስቲክ ተከናንበው አስፋልቱ ዳር ተደርድረዋል። ለእናታችን ቅቤ ልንገዛ ቆምን። ተመልሰን ስንገባ ካርታው ቀጥ ብሎ ቀርቷል። ብነካው አይንቀሳቀስም። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። የፋብሪካው ምልክት መጣ፤ ጠፋ፤ ደግሞ መጣ፤ ጠፋ።

"ምን ሆነ?" አለች እትዬ።

"ራሱን እያስነሳ ነው።"

"መኪናዋ ትቆማለች?"

"አትቆምም። የምትነዳው በሌላ ነው።"

ይህን ያልኩት እርግጠኛ ሆኜ አልነበረም። ከመሪው በስተኋላ ያለችው ትንሿ ሰሌዳ ፍጥነቴንና የባትሪውን መጠን ታሳያለች፤ እሷ ደህና ናት። ጫጫን ሳናልፍ ግን የፊት መስታወቱ ከጠርዙ ጀምሮ ከውስጥ ማላብ ያዘ። እጄ በልማድ ማራገቢያውን ፍለጋ ሄደ። በዚህች መኪና ላይ የሚዞር ቁልፍ የለም። ማሞቂያው፣ ማራገቢያው፣ የኋላ ካሜራው፣ ሁሉም ያለው እዚያ ብልጭ ድርግም የሚለው ስክሪን ውስጥ ነው። ይህን አውቀው ነበር፤ እንደ ችግር አስቤው ግን አላውቅም። መስኮቱን ትንሽ ከፈትኩ። እትዬ አንገቷን በነጠላዋ ጠቀለለች።

ደብረ ብርሃን፣ 3 ሰዓት

ቻርጅ የምናደርግበት ሆቴል የጥበቃ ሠራተኛው ካፖርቱን እስከ ጆሮው ቆልፎ ቆሟል። ስክሪኑን አየና፣ "የቻይና ናት? አስቴር ጋ ይሂዱ፤ መናኸሪያው አጠገብ ኮንቴይነር ውስጥ ናት" አለኝ።

ባትሪው እስኪሞላ በእግራችን ሄድን። አስቴር አርባ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ጣቶቹ ጫፋቸው ላይ የተቆረጠ ጓንት አድርጋ የስልክ ስክሪን እየቀየረች ነበር። ወለጋ ሳለች የራሷ የስልክ መሸጫ ሱቅ ነበራት። ተፈናቅላ ከመጣች ወዲህ ከሁለት ልጆቿ ጋር መጠለያ ውስጥ ትኖራለች። የቻይና መኪኖች ሲበዙ ጽሑፋቸውን በስልክ ካሜራ እያስተረጎመች፣ ሌሊት ሌሊት መጠለያው ውስጥ እያነበበች ሥራውን ተማረች። ይህን ሁሉ የነገረችን እትዬ ጠይቃት ነው፤ እኔ የምጠይቀው ስለ መኪናው ብቻ ነበር።

አብራን መጣችና ስክሪኑን ቆማ ዝም ብላ ተመለከተችው።

"አልተበላሸም፤ ታፍኗል" አለች። "አማርኛ የሚያደርገው አፕ ለሌላ ዓይነት ስክሪን የተሠራ ነው። መኪናዋ ስትነሳ ቀድሞ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ሲወድቅ ሁሉንም ይዞ ይወድቃል። እሱን ከውስጥ ማውጣት ነው።"

"ታወጪዋለሽ?"

"ምልክቱ ጠፍቶ እስኪመጣ ባለችው አፍታ ውስጥ ወደ ፋብሪካው ገጽ መግባት አለብኝ። ከገባሁ አወጣዋለሁ።"

"እስካሁን ስንት ሠርተሻል?"

"እንዲህ የሆኑ አሥራ አንድ። አሥሩ ተነሥተዋል።"

"አንዱስ?"

"አልተነሣም" አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር። "ጭራሽ ጠቁሮ ቀረ።"

ይህን ባትነግረኝ ኖሮ እሺ እል ነበር። እውነቱን ስለነገረችኝ ፈራሁ። አሁን ቢያንስ መኪናዋ ትሄዳለች፤ ጭራሽ ብትቆምስ? እናቴን በምን አመጣታለሁ?

"ከአንኮበር ስንመለስ እናየዋለን" አልኳት።

እትዬ አስቴርን እስከ ሆቴሉ በር ሸኝታ ስትመለስ፣ "የማታውቀውን ሰው ሐሙስ ዕለት አምነህ፣ እውነቱን የነገረችህን ዛሬ አታምንም?" አለች። የቻርጅ ገመዱን ነቀልኩ። አስቴር ግን ስልክ ቁጥሯን ወረቀት ላይ ጽፋ ለእትዬ ሰጥታት ነበር።

ቁንዲ ዳገት፣ 6 ሰዓት

የገብስ ማሳዎቹ፣ የድንጋይ ካቦቹ፣ የኩበት ክምሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ጉሙ ከቆላው በኩል ሽቅብ እየተነፈሰ መንገዱን ሸፈነው። መብራት አበራሁ፤ ነጭ ግድግዳ ሆነብኝ። ከውጭ ጉም፣ ከውስጥ ላብ። ሁለቱንም መስኮት ብንከፍትም መስታወቱ አልደርቅ አለ። እትዬ ወደ ፊት ተንጠራርታ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፤ ከአፍታ በኋላ ተመልሶ ያልበዋል። በእግር ሰው ፍጥነት ነው የምሄደው። ስክሪኑ አሁንም ይመጣል፣ ይጠፋል፤ በመጣ ቁጥር መስታወቱ ላይ ብርሃኑ እያንጸባረቀ ያቺኑ የቀረችኝን እይታ ይነጥቀኛል።

የጭነት መኪና ክላክስ ሰማሁ። የት እንዳለ አላየሁትም። ደንግጬ ወደ ዳር አወጣኋትና ፍሬን ያዝኩ። የጭነት መኪናው በጎናችን አለፈ፤ መኪናችን ተንቀጠቀጠች። ከዚያ ጸጥታ ሆነ።

ትንሽ ቆይቶ መስኮቱ ተንኳኳ። ሁለት የተጫኑ አህዮችን የሚነዱ አንድ ገበሬ ናቸው፤ በርኖሳቸው ውሃ ያንጠባጥባል።

"እንደምን ዋላችሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ወደ ፊት እንዳይሏት። ፊቷ ባዶ ነው።"

"ምን አሉኝ?"

"ጎማዋ ገደሉ አፍ ላይ ነው ጌታዬ። ወደ ኋላ ይበሏት፤ እኔ አሳይዎታለሁ።"

የኋላ ካሜራው የለም። በኋላ መስታወት የሚታየው ጉም ብቻ ነው። ሰውዬው በመኪናዋ ጎን ቆመው በበትራቸው ቆርቆሮዋን እየነኩ "ና፣ ና፣ ቀና አድርጋት፣ ና" እያሉ መሩኝ። እትዬ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ሰውዬው እስከ ሜዳው ድረስ ከፊት ከፊት እየሄዱ መንገድ አሳዩን። አመሰግናለሁ ስላቸው፣ "ጉም ነው፣ ምን ይደረግ" ብለው ወደ አህዮቻቸው ተመለሱ።

አንኮበር፣ 9 ሰዓት

እናቴ ጎረቤላ ከተማ ባለው ቤቷ በር ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ትጠብቀን ነበር። በድምፃችን ለየችን። እጄን ይዛ ስታበቃ አልለቀቀችውም።

"ምን ያንቀጠቅጥሃል?"

"በርዶኝ ነው እማዬ።"

"ገደል አፍ ደርሰን ነው" አለች እትዬ።

ጎረቤታችን በሸኖው ቅቤ የገብስ ቂንጬ ሠርታ አቀረበች። ነገ በዚያው መንገድ እንመለሳለን፤ ነገ ግን እናቴ ትኖራለች። መስኮት ከፍቼ ልሂድ ብል ሳንባዋ፤ ዘግቼ ልሂድ ብል ገደሉ። ሚኒባስ እንዳልይዝላት መስታወት የተሰበረባቸውን፣ ሰው በሰው ላይ የሚጫንባቸውን አስባለሁ። የቱንም ባዞረው መልሱ አንድ ነው። ወረቀቱን ከእትዬ ተቀብዬ ደወልኩ።

"አስቴር፣ እኔ ነኝ፤ የጠዋቱ ሰው። ተሳስቻለሁ።"

"በሰላም ደርሳችኋል?"

"ደርሰናል። ምን ላድርግ፣ በስልክ ንገሪኝ።"

"በስልክ አይሆንም ጋሼ። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እመጣለሁ። እስከዚያ እያጠፉ አያስነሷት።"

እሑድ፣ 3 ሰዓት

አስቴር ላፕቶፗን በፌስታል፣ ፌስታሉን በሻንጣ፣ ሻንጣውን በሹራብ ጠቅልላ ደረሰች። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። አስቴር ገመዱን ሰካች፣ የስክሪኑን ጥግ በአንድ ጣቷ እየደጋገመች መምታት ጀመረች። ምልክቱ መጣ፣ ጠፋ፤ አመለጣት። እንደገና። አመለጣት። እኔ ከመኪናዋ ኋላ ወደ ፊት እመላለሳለሁ።

"ጋሼ፣ እባክዎ ይቀመጡ" አለች ቀና ሳትል።

ከዚያ ስክሪኑ ጭራሽ ጠቆረ። ምልክቱም አልመጣ። አንድ ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። የአስቴር ጣቶች ላፕቶፑ ላይ ቆሙ። አሥራ ሁለተኛውና ካልተነሡት ሁለተኛው እኛ ነን ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። እትዬ ወደ እኔ አላየችም።

"ጸጥ አላችሁሳ" አለች እናቴ ከበረንዳው።

"እየጠበቅን ነው እማማ" አለች አስቴር። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር፤ ግንባሯ ላይ ግን በዚያ ብርድ ላብ አይቻለሁ።

ጎረቤቷ ሁለተኛ ዙር ሻይ ይዛ ስትመጣ ስክሪኑ በራ። ከላይ እስከ ታች ቻይንኛ። የማላነበውን ጽሑፍ ሳይ እንደዚያ እፎይ እላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አስቴር የአማርኛውን አፕ ፈልጋ አወጣችው፤ መዝሙር ማጫወቻውንም።

"ካርታው ደህና ነው፤ ምንም አያስቸግርም። ልተወው?"

"ሁሉንም አጥፊው" አልኩ።

"ካርታውን ተይው" አለች እትዬ። አስቴር ተወችው። ከዚያ እኔን መሪው ላይ አስቀምጣ የመስታወት ማድረቂያው ሥዕል የቱ እንደሆነ አሳየችኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እስካገኘው ድረስ አሥር ጊዜ አስደገመችኝ።

እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ

እናቴ ከፊት፣ እትዬና አስቴር ከኋላ። ቁንዲ ላይ ጉሙ ጠበቀን፤ ትናንት ከነበረው ይብሳል። መስታወቱ ገና ማላብ ሲጀምር ሥዕሉን ነካሁ። ሙቅ አየር ተነፈሰ፤ ከታች ጀምሮ የመዳፍ ያህል፣ ከዚያ የሰፌድ ያህል ጠራ። መንገዱ ታየኝ። እንዲያም ሆኖ ሜዳው ላይ እስክንወጣ መሪውን የያዝኩባቸው እጆቼ አልላሉም። በየደቂቃው ስክሪኑን ሰርቄ አያለሁ፤ ይጠፋል ብዬ እጠብቃለሁ። አልጠፋም።

የእናቴን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሰኞ በቀጠሮዋ የአንደኛው ዓይኗ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያየችው የእትዬን ሽበት ነው፤ "መቼ እንዲህ ሆንሽ?" አለቻት። የሁለተኛው ዓይኗ ተራ ገና ነው። በሐሳቤ የምመላለስበት ግን ያ እሑድ ነው።

ደብረ ብርሃን ገብተን መጠለያው አጠገብ ቆምን። አስቴር ሻንጣዋን እየሰበሰበች ሳለ እናቴ ፊቷን ወደ ኋላ መለሰች።

"ሀገርሽ ወዴት ነው የኔ ልጅ?"

"ወለጋ ነው እማማ።"

"ሩቅ ነው?"

አስቴር በሁለታችን መቀመጫ መካከል ጎንበስ አለችና ካርታውን ከፈተች። የቀበሌዋን ስም ጻፈች፤ አንድ ፊደል ተሳሳተች፣ አጥፍታ እንደገና ጻፈች። ይገኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ሰማያዊ መስመር ከቆምንበት ተነሥቶ፣ አዲስ አበባን አቋርጦ፣ ወደ ምዕራብ ተዘረጋ፤ ጫፉ ላይ ቀይ ነጥብ ቆመ። አስቴር ነጥቡን በጣቷ አቀረበችው። አንድ ወንዝ፣ አንድ ድልድይ፣ የመንገድ መገንጠያ።

"ምን ይላል?" አለች እናቴ። ስክሪኑ ለሷ ደብዛዛ ብርሃን ብቻ ነው።

"መንገድ አለ ይላል፣ እማማ" አለች አስቴር።

ከዚያ መስመሩን አጥፍታ፣ ሻንጣዋን በትከሻዋ አንግታ፣ የእናቴን ጉልበት ስማ ወረደች።