ከሲስተር ሞተር ሳይክል ያወጣኋት ማነቆ

ሲስተር ወደ እኔ የመጣችው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከአሰላ መውጫ፣ ከአንድ ጎሚስታ ጎን በተከራየኋት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሞተር ሳይክል መጠገን ከጀመርኩ ገና አራት ወር ሆኖኝ ነበር። ሙያውን ከስልክ ቪዲዮና ፈትቶ ከመግጠም ነው የተማርኩት።

ሲስተር ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ የምትሠራው ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ሞተር ሳይክሏ ከውጭ አገር አገልግላ የመጣች ትንሽ የስፖርት ሞተር ናት።

«ሜዳ ላይ ደህና ናት። ዳገት ሲመጣ ግን ገብስ የጫነ መኪና ጥሎኝ ይሄዳል» አለችኝ።

ሌላ ጋራዥ «ሞተሩ አልቋል» ብሏታል። አንድ የኢተያ ሰው ቅዳሜ መጥቶ ሊገዛት ተስማምተዋል። ከሸጠቻት በየማለዳው ካልሞላ የማይነሳ ሚኒባስ መጠበቅ ሊሆንባት ነው፤ በማርፈድ ደግሞ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል።

«እስከ ነገ ማታ ተያት» አልኳት።

በዕድሜ አባቴ የሚሆኑት ጎሚስታ ጎማ እየነፉ ሳቁ። «ሲስተር፣ ይሄ ልጅ በቀን አሥር ቃል ነው የሚናገረው። አራቱን ላንቺ ጨረሰ፤ እመኚው!»

ለሞተሩ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቼ ቀዳዳውን በአውራ ጣቴ ደፈንኩና ሞተሩን አዞርኩት። አየሩ ጣቴን ገፍቶ ወረወረው። ያለቀ ሞተር እንዲህ አይገፋም። የጎደለው ትንፋሽ ነው ብዬ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር አወረድኩ። በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል አንዲት ስስ ብረት ተቀምጣለች። የካርቡሬተሩ አፍ ሃያ ስምንት ሚሊሜትር ነው፤ የብረቷ ቀዳዳ ግን አሥራ ስምንት ብቻ። በቪዲዮ አይቻት ስለነበር ወዲያው አወቅኳት። በአንዳንድ አገር አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ወጣት እንዳይፈጥን ሆን ተብላ የምትገባ ማነቆ ናት። እኛ አገር እንዲህ ያለ ግዴታ የለም፤ ሲስተርም ለዓመታት የነዳች ሰው ናት።

ብረቷን አወጣኋት። መጋጠሚያውን ጠርጌ፣ አየር እንዳያሾልክ አዲስ የወረቀት ጓርኒሲዮን በመቀስ ቆርጬ ገጠምኩ። ጉልበቷ ስለሚጨምርም የፊቱንና የኋላውን ፍሬን ፈትቼ አየሁ፤ የኋላው ሸራ ሳስቶ ስለነበር ቀየርኩት።

ስህተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቪዲዮው ሰውዬ ማነቆዋ ስትወጣ አየር ስለሚበዛ ቤንዚኑም መጨመር አለበት፣ ቤንዚን የምታሳልፈውን የነሐስ ብሎን ቀዳዳዋ በሰፋ ቀይሩ ይላል። አርብ ጠዋት ከአዳማ አስመጥቼ ቀየርኩ። ሳስነሳት ጥቁር ጭስ ተፋች። ነዳጅ ስጨምርላት ሳል ያዛት፤ ከክፍሌ ፊት ባለችው ትንሽ ዳገት ላይ እንኳ ተንቀጥቅጣ ቆመች።

«አንተ! ጎማዬን አቃጠልክብኝ እንዴ?» አሉ ጎሚስታው። «ከጁምዓ ስመለስ ይሄን ጭስ እንዳላገኘው!»

እሳቸው ወደ መስጊድ ሄዱ። ከትናንቱ የባሰች ሞተር ሳይክል ነው የማስረክባት፤ የኢተያው ሰውዬ ደግሞ ነገ ይመጣል። ካንዴላውን ፈታሁት። እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል፣ ግን ደረቅ ነው። ዘይት ቢሆን ይረጥብ ነበር፤ ይህ የቤንዚን ብዛት ነው። ቪዲዮውን ድምፁን አጥፍቼ ደግሜ አየሁት። ከሰውዬው ጀርባ ጀልባዎች ቆመዋል። ሰውዬው የሚሠራው ባሕር ዳርቻ ነው!

እኛ ያለነው አሰላ፣ ከፍ ያለ ደጋ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተለካው የመጀመሪያው ብሎን እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ በራሱ በዝቶ ነው የሚያልፈው። ጭማሪ አያስፈልገውም። ሰፊውን አውጥቼ የድሮውን መለስኩ። ጥቂት ነድቼ ካንዴላውን ሳየው የገብስ ቆሎ መልክ ይዟል። ከዚህ የተሻለ ቀለም የለም።

ሲስተር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣች። «ፍጥነቷ ተቀይሯል፤ ቀስ ብለሽ ልመጃት» አልኳትና ወደ በቆጂ መንገድ ብቻዋን ለቀቅኳት። ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ ሠላሳ ሆነ።

«ምነው ዘገየች? እዚያው ሥራ ገባች እንዴ?» አሉ ጎሚስታው። ጆሮዬ መንገዱ ላይ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት የሞተሩን ድምፅ ነው። አይቆራረጥም፣ አያስልም።

ሄልሜቷን ስታወልቅ ጉንጯ በብርድ ቀልቷል። «በሦስተኛ!» አለች። «ያንን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት!» ወዲያው ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝ። «እንደማልሸጣት ለኢተያው ሰውዬ አንተ ንገረው። የኔ ኦሮምኛ ለመሸጥ እንጂ ላለመሸጥ አይበቃም።»

ሰውዬው አነሳ። በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቼው ሞተር ሳይክሏ እንደማትሸጥ ነገርኩት።

«ሞተሩ አልቋል ተብሎ የለም እንዴ?» አለኝ።

«አላለቀም።»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት። «የከፈትኩት እኔ ነኝ።»